ሰው የሌለው ሕመምተኛ

(በመጻጉዕ ሰንበት ከተሰጠው ትምህርት ለመጽሔታችን የተዘጋጀ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት መጻጉዕ ተብሎ እንደሚጠራ፣ በዚሁም ዕለት በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 5 የተጻፈው የሠላሳ ስምንት ዓመቱ በሽተኛ ታሪክ እንደሚነበብ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ታሪኩን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለ ሰማነው ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ነገር አለ። ጌታችን ሊድን ይወድድ እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ ያ ሰው ስለ ሕመሙ ጽናት አንዳች አልተናገረም። የተናገረው፣ ውኃው በሚናወጥበት ሰዓት ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደ ሌለው ነው። በዚያች መጠመቂያ ዙሪያ ግን አምስት መመላለሻዎች ነበሩ፤ በእነርሱም ውስጥ ብዙ ሕዝብ ተኝቶ ነበር፤ አስታማሚውም፣ ጠያቂውም፣ መንገደኛውም በዚያ ያልፍ ነበር። እንግዲህ ሰው በሞላበት ሥፍራ ሰው አጣሁ ማለት ምን ማለት ነው?

ጥያቄውን የምናነሣው ለትርጓሜ ያህል አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በላንግሊ ፓርክ ከሦስት ደባሎች ጋር በአንድ አፓርትመንት ይኖር የነበረ ወንድማችን በጽኑ የሳንባ ምች ታሞ ሆስፒታል ገባ። ምርመራው ሲያልቅ ሕመሙ ከኤድስ የመጣ መሆኑ ታወቀ። ይህን የምንጽፈው በእርሱው ፈቃድ ነው፤ ማንነቱን የሚያስታውቀውን ሁሉ አስቀርተናል፤ ሆስፒታሉንም አንጠራም። የወንድማችን እንግሊዝኛ ለሥራ እንጂ ለሐኪም ቃል የሚበቃ አልነበረም። በዚህ አገር ሕግ ሆስፒታሎች ቋንቋ ለማይችል በሽተኛ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፤ አቅርበውለትም ነበር። እርሱ ግን አማርኛ የሚናገር ሰው በአካልም ሆነ በስልክ እንዳይጠራበት ለመናቸው። ስለ ገዛ ሕይወቱ የሚነገረውን ግማሹን እየሰማ፣ ግማሹን እየገመተ አንድ ሳምንት ቆየ። በመጨረሻ የንስሐ አባቱን ብቻ አስጠራ፤ እርሳቸውም የሐኪሞቹን ቃል እንድናስረዳው በእርሱ ፈቃድ እኛን ይዘውን ሄዱ።

በአልጋው አጠገብ ተቀምጠን ሳለን መልኳ የአገራችንን ሰው የሚመስል ነርስ በበሩ ብቅ አለች። ወንድማችን ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። እርስዋ ከሄደች በኋላ ስለ ምን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቅነው። «ጋሼ፣ ፈረንጁ ሐኪም ያክመኝና ይረሳኛል። የእኛ ሰው ግን ቅዳሜ ሰርግ ላይ ያገኘኛል» አለን።

ይህ ቃል ከወንጌሉ ታሪክ ጋር ተያይዞ ከልባችን ሊወጣ አልቻለም። በዚህ በላንግሊ ፓርክ፣ በታኮማ ፓርክ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ከሚኖሩት ምእመናኖቻችን ብዙዎቹ በሆስፒታል፣ በነርሲንግ ሆምና በየቤቱ ሕሙማንንና አረጋውያንን በመርዳት ይተዳደራሉ። ሌሊቱን ሙሉ በሽተኛ ሲያገላብጡ አድረው፣ ነጠላቸውን በመኪና ውስጥ ለብሰው ወደ ቅዳሴ የሚመጡ እናቶችና እኅቶች አሉን። በውኃው ዳር የቆምነው እኛ ነን ማለት ነው። የዛሬው ቃላችን በተለይ ለእነርሱ ነው፤ ነገር ግን ሌላውን ከመምከራችን በፊት የራሳችንን በደል እንናገር።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) «በአጭር ሕመም ዐረፈ» የሚለው ቃል በሹክሹክታ መተርጎም በጀመረበት ዘመን አንድ የቆየ ወዳጃችን ታሞ ልንጠይቀው ሄድን። በደረቱ ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጥቶበት ነበር፤ ያን ጊዜ ይህን ያየ ሰው ሌላ ምርመራ አይጠብቅም ነበር። ባለቤቱ ቡና አፍልታ አቀረበች። እኛ ግን ገና ጾም አልፈታንም ብለን ሳንቀምስ ተነሣን። ወቅቱ በዓለ ኀምሳ ነበር። በበዓለ ኀምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ እንደማይጾም እርሱ በድቁና ያደገ ሰው ነውና አሳምሮ ያውቃል። አንዳች አልተናገረም። በበሩ ሲሸኘን ሊጨብጠን እጁን ዘርግቶ እንደ ገና መልሶ ሰበሰበው። በዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ነበረን፤ በጉባኤ ቤትም ቅኔ ቈጥረናል። በሽታው በስኒ እንደማይተላለፍም አንብበን ነበር። ያነበብነው ነገር ከራሳችን ወደ እጃችን ሳይወርድ ቀርቶ ነው እንጂ አላወቅንም ነበር ልንል አንችልም። ወዳጃችን በዚያው ዓመት ዐረፈ። ይቅርታ ሳንጠይቀው ቀርተናል።

ስለዚህ ለሕክምና ባለሙያዎች ፍርሃት አንፈርድባቸውም፤ ከየት እንደ መጣ እናውቀዋለንና። በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ በሐኪሞች ጽሑፍ የወጣው በጁን 1981 በሎስ አንጀለስ በታከሙ አምስት ወጣቶች ምክንያት ነበር። በፓሪስ የፓስተር ተቋም ሊቃውንት ቫይረሱን እስካገኙበት እስከ 1983 ድረስ ምን እንደ ሆነ፣ በምን እንደሚተላለፍ በእርግጥ የሚናገር አልነበረም። በእነዚያ ዓመታት በዚህ በሠለጠነው አገር የበሽተኛው ምግብ በትሪ እንደ ሆነ በደጃፍ የሚተውበት፣ አንሶላው ሳይለወጥ የሚያድርበት ሆስፒታል ነበር። ሆኖም በዚያው በ1983 በሳን ፍራንሲስኮ አጠቃላይ ሆስፒታል ክሊፍ ሞሪሰን የተባለ ነርስ «5ቢ» የሚባለውን ክፍል አስከፈተ። አልጋው 12 ብቻ ነበር፤ የሚያገለግሉትም በገዛ ፈቃዳቸው የመጡ ነርሶች ነበሩ። ደም ባለበት ሥፍራ ጓንት ያደርጋሉ፤ በሌለበት ሥፍራ በባዶ እጃቸው በሽተኛውን ይዳስሳሉ፤ በአልጋው ጫፍ ተቀምጠው ያጫውቱታል። በ1986 የማዘር ቴሬዛ እኅቶች፣ ከ1973 ጀምሮ በአዲስ አበባ ሕሙማንን ሲያስታምሙ የምናውቃቸው እነዚያው፣ እዚህ በዋሽንግተን ከተማ ኤድስ ያለባቸውን ሰዎች እስከ ሞት ድረስ የሚያስታምሙበት ቤት ከፈቱ። የእንግሊዟ ልዕልት ዳያና በ1987 በለንደን በአንድ ሆስፒታል ያለ ጓንት የአንድ በሽተኛ እጅ ብትጨብጥ የዓለም ጋዜጦች ሁሉ የጻፉለት ለምን ነበር? እጅ መጨበጥ ታላቅ ነገር ሆኖ የሚቈጠርበት ዘመን ስለ ነበር ነው።

በዚያው በ1987 የዚህ አገር የበሽታ መከላከያ ማዕከል ለሕክምና ሠራተኞች ያወጣው መመሪያ ግን ከጋዜጦቹ ወሬ ይልቅ ሊጤን ይገባዋል። መመሪያው የማናቸውንም በሽተኛ ደም፣ ስሙና መዝገቡ ሳይታይ፣ በሽታ እንዳለበት ቈጥራችሁ ተጠንቀቁ የሚል ነው። ይህ የጥንቃቄ ሕግ ብቻ አይምሰላችሁ፤ የፍትሕ ሕግም ነው። ጥንቃቄው ለሁሉ እኩል ከሆነ ለአንዱ በሽተኛ ብቻ የሚደረበው ሁለተኛ ጓንት ጥንቃቄ መሆኑ ይቀርና ስድብ ይሆናል። በሽተኛውም ይህን ያነብባል። ነርሷ ለጎረቤት አልጋ አንድ ጓንት፣ ለእርሱ ሁለት ጓንት ስታደርግ ካየ ምርመራው ለክፍሉ ሰዎች ሁሉ ተነገረ ማለት ነው።

ቁጥሩንም እንናገር፤ ፍርሃት በቁጥር ባይጠፋም መጠኑን ያገኛልና። የቫይረሱ ደም ባለበት መርፌ ከተወጉ አንድ ሺህ የሕክምና ሠራተኞች መካከል ያለ መድኃኒት እንኳ በቫይረሱ የሚያዙት ሦስት ያህል ናቸው። ከ1985 እስከ 2013 በመላው አሜሪካ በሥራቸው ላይ ሳሉ መያዛቸው የተረጋገጠው የጤና ሠራተኞች 58 ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ከ1999 በኋላ የተያዘው አንድ ብቻ ነው። የተወጋ ሰው ሳይውል ሳያድር፣ ቢዘገይም በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ጀምሮ ለ28 ቀን የሚወስደው መከላከያ መድኃኒት አለ። የታመመውም ሰው መድኃኒቱን በወጉ ከወሰደና ቫይረሱ በደሙ ምርመራ የማይታይበት ደረጃ ከደረሰ በሩካቤ እንኳ እንደማያስተላልፍ ከ2011 ወዲህ የወጡት ታላላቅ ጥናቶች አስረድተዋል። ሰውነት ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ልብስ መለወጥ፣ ትራስ ማስተካከል አያስይዝም። አንዳንዶች በሹክሹክታ ስለሚጠይቁን ይህንም እንጨምር፤ በምራቅ አይተላለፍምና ዲያቆኑ በዕርፈ መስቀል ደሙን ሲያቀብል ከእናንተ በፊት ማን እንደ ቈረበ ዞራችሁ አትዩ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ቫይረሱ በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው በ1984 ሲሆን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በአዲስ አበባ የተመዘገቡት በ1986 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለፈው ዘመን የመጻጉዕን ሠላሳ ስምንት ዓመት አልፎታል። የአገራችን ሐኪምና ነርስ ለብዙ ዓመታት ያለ በቂ ጓንት፣ ያለ መድኃኒት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ እየሞቱ በሚተካኩ ወጣቶች መካከል ሠርተዋል። መድኃኒቱ በክፍያ መሰጠት የጀመረው በ2003፣ በነጻ የተፈቀደው በ2005 ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ነርስ ፈራ ብሎ መውቀስ ከሩቅ ሆኖ መናገር ነው።

ፍርሃቱ ግን መድኃኒቱም ጓንቱም ከመጣ በኋላ ሁሉ አልሄደም። በ2011 በጅማ ዞን በ18 የጤና ተቋማት የሚሠሩ 255 የሕክምና ባለሙያዎች ተጠይቀው በሚቀጥለው ዓመት የታተመ ጥናት አለ። ያለ በሽተኛው ፈቃድ ደም መመርመር፣ ውጤቱን ለማይገባው ሰው መንገር፣ በአልጋው ወይም በመዝገቡ ላይ ምልክት ማድረግ፣ ያለ በቂ ምክንያት ወደ ሌላ ሆስፒታል ማሳለፍ፣ አላክምም ማለትም ተገኝቷል። ከሁሉ በልጦ የታየው ለእነዚህ ሕሙማን ብቻ የሚደረገው ተጨማሪ ጥንቃቄ ነበር። ይህን ሁሉ የሚያለዝበው ምን እንደ ሆነም ጥናቱ ያሳያል። ስለ በሽታው ጠለቅ ያለ እውቀት ያላቸው፣ ሥልጠና ያገኙ፣ ተቋማቸው እንደሚደግፋቸው የሚያምኑ፣ ብዙ ሕሙማንን ያዩ ሠራተኞች መገለሉም አድልኦውም በእነርሱ ዘንድ ያነሰ ነው። እስከዚህ ድረስ የሚጠበቅ ነገር ነው። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ግን ሌላ አንድ ነገር አለ፤ ሃይማኖት የለንም ያሉት ሠራተኞች ሃይማኖት አለን ካሉት ይልቅ ሕሙማኑን ያገለሉት በጥቂቱ ነው።

ይህን በመጀመሪያ ባነበብን ጊዜ ጽሑፉን አጥፈን አስቀመጥነው። በማግሥቱ እንደ ገና ከፈትነው። የአንድ ዞን ጥናት የአገሩ ሁሉ ፍርድ አይደለም፤ ሃይማኖት የለንም ያሉትም ጥቂቶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ እንዲህ እያልን ራሳችንን ልናጽናና ሞከርን። ነገር ግን ስለ ምን እንደ ሆነ ልባችን ሳይነግረን አልቀረም። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 10 በወንበዴዎች እጅ ስለ ወደቀው መንገደኛ ሲያስተምር ገለል ብለው ያለፉት እነማን ነበሩ? አንዱ ካህን፣ አንዱ ሌዋዊ ነበር። ክፉ ሰዎች ነበሩ አልተባለም። ምናልባት ወደ መቅደስ ያደርሳቸው የነበረው ንጽሕና እንዳይጎድፍባቸው ፈርተው ይሆናል። ቁስሉን በዘይትና በወይን ያጠበው፣ በእንስሳውም ላይ ጭኖ የወሰደው፣ ለእንግዳ ማደሪያው ጠባቂ ዋጋ የከፈለው ከእነርሱ ሃይማኖት ውጭ የተቈጠረው ሳምራዊ ነበር። ይህን ወንጌል በየዓመቱ እናነባለን፤ ራሳችንን ከሳምራዊው ጋር ማቆም ልማዳችን ነው። የጅማው ጥናት ያቆመን ግን ከሌዋዊው ጋር ነው።

ምክንያቱም፣ እኛ እንደሚመስለን፣ የሃይማኖት ሰው በሽተኛውን ሲያይ ሁለት ነገር ይፈራል፤ በሽታውንና ኃጢአቱን። በሽታውን ጓንት ይከላከለዋል፤ ኃጢአቱን ግን ፊት በማጥቆር የሚከላከለው ይመስለዋል። በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ በመጀመሪያ የጠየቁት ማን እንደ በደለ ነበር፤ ጌታችንም ጥያቄውን አልተቀበለላቸውም። እኛ ዛሬም ከዚያ ጥያቄ አልወጣንም። የኩላሊት በሽተኛን ምን አመመህ ብለን እንጠይቃለን፤ የኤድስ በሽተኛን በምን መጣብህ ብለን እንጠይቃለን። ነርስም ትሁን ረዳት ነርስ ይህ ጥያቄ የሥራዋ ክፍል አይደለም። ለሚጠይቀው ሐኪም ምክንያት አለው፤ ለንስሐ አባትም ጊዜ አለው፤ ለሌላ ሰው ግን ጥያቄው ወሬ ነው።

አበው በዚህ ነገር ምን እንዳደረጉ እንመልከት። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ በአራተኛው መቶ ዓመት ከከተማው ውጭ ለድኆች፣ ለእንግዶችና ለሕሙማን የሚሆን ታላቅ ቤት ሠራ። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ካረፈ በኋላ ስለ እርሱ ባቀረበው ንግግር ባስልዮስ ከሰው ተለይተው የተጣሉትን ለምጻሞች እንደ ወንድሞች እየተቀበለ ይስማቸው እንደ ነበር መስክሯል። ይህን ሁላችን እንወድደዋለን። ባስልዮስ ግን በመሳም ብቻ አልቀረም፤ በዚያ ቤት ሐኪሞችንና አስታማሚዎችን አኖረ። እርሱ ራሱ በአቴና ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ነበርና እውቀትን ከፍቅር አልለየም። እኛ አገር የሆነውን ስናስታውስ እናፍራለን። ሥጋ ደዌ ያለባቸውን ወገኖቻችንን በየደጀ ሰላሙ ስናይ አድገናል፤ ሳንቲሙን እንወረውርላቸው ነበር እንጂ በእጃቸው ላይ አናኖርም ነበር። በአዲስ አበባ ለእነርሱ በዘነበወርቅ የተመሠረተው ሆስፒታል በ1965 አለርት ተብሎ የመላ አፍሪካ ማሠልጠኛ ሆነ። ያው አለርት በኋላ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ከሚታከሙባቸው ሥፍራዎች አንዱ ሆኗል፤ ሁለት የተፈሩ በሽታዎች በአንድ ግቢ ተገናኙ።

በቋንቋችን ላይ አንድ ነገር ጣል እናድርግ፤ የአሮጌ ተማሪ ልማድ ነውና ታገሡን። አስታመመ የምንለው ግስ ከታመመ የወጣ ነው፤ ታመመ ደግሞ ከግእዙ ሐመ። ሕማማት የምንለው የጌታችን መከራ ከዚሁ ሥር ነው። አስታማሚ ማለት ከሩቅ የሚያዝን አይደለም፤ ከታመመው ጋር በሕመሙ ውስጥ የሚገባ ነው። የእንግሊዝኛው ነርስ የሚለው ቃል ከማጥባትና ከማሳደግ የመጣ ነው ይላሉ። እርሱም መልካም ነው፤ የእኛው ግን ወደ ዓርብ ስቅለት ያደርሳል።

አሁን ወደ ወንድማችን ቃል፣ ወደ ቅዳሜው ሰርግ እንመለስ። እርሱን ያስፈራው ሁለተኛው ጓንት አልነበረም፤ ምላስ ነው። የስደት ኑሮ ጠባብ ነው። በአንድ አፓርትመንት የሚኖረው፣ በአንድ ታክሲ መቆሚያ የሚውለው፣ በአንድ እድር የሚጻፈው፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድሰው ያው ሰው ነው። አስተርጓሚው የሚስቱ ዘመድ፣ ነርሷ የደባሉ እኅት ሊሆኑ ይችላሉ። ወንድማችን ከሆስፒታል ወጥቶ እንኳ መድኃኒቱን በቫይታሚን ብልቃጥ ውስጥ ገልብጦ፣ የተጻፈበትን ወረቀት ልጦ ጥሎ ነበር የሚኖረው። ሌላም ምክንያት አለ፤ ከ1987 ጀምሮ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ የተገኘበት የውጭ አገር ሰው ወደ አሜሪካ እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ ነበር። በ1993 በምክር ቤት ጸንቶ ሕግ ሆነ፤ የተነሣው በጃንዋሪ 2010 ነው። ልዩ ፈቃድ ካልተሰጠው በቀር የዲቪ ዕጣ የደረሰው፣ ቤተሰብ የጠራው ሁሉ ለቪዛ ደሙን ሲሰጥ የሚጠብቀው የሕክምና ውጤት ሳይሆን ፍርድ ነበር። ሕጉ ከተሻረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ፍርሃቱ ግን አልተሻረም። የዋሽንግተን ከተማ ጤና መሥሪያ ቤት በ2009 ከ12 ዓመት በላይ ከሆኑት ነዋሪዎች 3 በመቶ ያህሉ ቫይረሱ እንዳለባቸው ባስታወቀ ጊዜ እንኳ ከወገኖቻችን ብዙዎች ነገሩ የሌላ ሰው ጉዳይ መስሎአቸው ሳይመረመሩ ቀሩ። ከዚያ በኋላ የሚመጡት፣ እንደ ወንድማችን፣ ሳንባቸው ከተመታ በኋላ ነው።

የበሽተኛን ምሥጢር የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ በዚህ አገር በ1996 ወጥቷል፤ በየሆስፒታሉም ይህን ተምራችሁ ፈርማችኋል። ነገር ግን ከዚህ ሕግ በፊት እኛ የምናውቀው ሌላ ሥርዓት አለ። ካህን በኑዛዜ የሰማውን ለገዛ እናቱ አይናገርም፤ ቢናገር ምን እንደሚሆንበት ሁላችን እናውቃለን። በሌሊት ተረኛ ሆና በሽተኛ የምታጥብ እኅት ያየችውም እንዲሁ ነው። ስም ሳይጠሩ መናገርም መናገር ነው፤ «ስሙን አልነግርሽም እንጂ አንድ የእኛ ሰው ገብቷል» ከተባለ በላንግሊ ፓርክ ስሙ እስኪታወቅ የሚቀረው አንድ ስልክ ነው። ጸልዩለት ብሎ መንገርም ያው ነው። ይህ ሁለተኛው ይብሳል፤ ሐሜትን ጸሎት ያስመስላልና።

ሌላው የሚያሳስበን፣ አንዳንድ ቅን አማኞች በሥራቸው ላይ ሆነው በሽተኛውን ጠበል ይበቃሃል፣ መድኃኒቱን ተወው ማለታቸው ነው። በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጻረሩ፣ ሕሙማኑም ሁለቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። በዚያን ጊዜ በስደት የነበርን ብዙዎቻችን ከእርሳቸው ጋር በአስተዳደር የተለያየን ነበርን፤ ዕርቁ የወረደው እርሳቸው ካረፉ በኋላ በ2018 እዚሁ ዋሽንግተን ነው። በዚህ ነገር ግን ያስተማሩት ትክክል ነበር፤ ብዙ ሰውም አድኗል ብለን እናምናለን።

ወንጌሉ መጠመቂያዋን በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቤተ ሳይዳ ይላታል፤ በእንግሊዝኛው ቤተዝዳ ናት። ከላንግሊ ፓርክ አሥር ማይል በማይሞላ ርቀት ያለችው የሜሪላንዷ ቤተዝዳ ስሟን ያገኘችው ከአንድ ጸሎት ቤት ሲሆን፣ ጸሎት ቤቱም የተጠራው በዚያች መጠመቂያ ስም ነው። የዚህ አገር ብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋም የሚገኘው በዚህች ከተማ ነው። የመጀመሪያው የኤድስ መድኃኒት ኤዚቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው በዚያ ሆስፒታል በጁላይ 1985 ነበር። በ1987 ለሕዝብ ተፈቀደ፤ በ1996 መድኃኒቶቹ ተጣምረው መሰጠት ሲጀምሩ ሞት የተፈረደባቸው ሰዎች ከአልጋ ተነሥተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ዛሬ በአሜሪካ ቫይረሱ በደማቸው ከሚገኝ ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት ዕድሜያቸው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው፤ ስለዚህም በነርሲንግ ሆም የምታገለግሉ ሁሉ ታገኙአቸዋላችሁ፤ ምናልባትም ሳታውቁ አሁን ታስታምሙአቸዋላችሁ። ውኃው ተናውጦአል። የሚያወርድ ሰው ነው የጎደለው።

በአጥቢያችን የሕክምና ሙያ ያላቸው ምእመናን ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ትምህርት እንዲሰጡ ለሰበካ ጉባኤው አሳስበናል። ትምህርቱ ስለ መርፌና ስለ ጓንት ብቻ ሳይሆን ስለ ምላስም እንዲሆን፣ ካህናቱና ዲያቆናቱም እንደ ሌላው ሰው ተቀምጠው እንዲሰሙ ጠይቀናል።

ያች በበሩ ብቅ ያለችው ነርስ የሌላ ደብር ምእመን ናት። ወንድማችን በኋላ እንደ ነገረን፣ በዚያው ሌሊት ተመልሳ መጥታ ከደጃፉ ሳታልፍ በእንግሊዝኛ አነጋገረችው። ሌላ ነርስ ይመደብልኝ ቢላት እንደማትቀየም፣ ምክንያቱንም ለማንም እንደማትናገር ነገረችው። አማርኛ እንደምትችል፣ ነገር ግን እርሱ ካልጀመረ እንደማትጀምር ጨመረችለት። ትሂድ አላለም፤ ትግባም አላለም። ገብታ የጀርባውን ላብ ጠረገችለት፤ ትራሱን ገለበጠችለት። ሁለት ሌሊት በእንግሊዝኛ ብቻ አስታመመችው። በሦስተኛው ሌሊት ውኃ የለመናት በአማርኛ ነበር። ከዚያ በኋላ የሐኪሞቹን ቃል በስልክ የሚያስተረጉምለት ሰው እንዲጠራ ፈቀደ።

ከወራት በኋላ በሲልቨር ስፕሪንግ በአንድ ሰርግ ላይ ተገናኙ። እርስዋ አይታው እንደማታውቀው ሰው ሆና በአጠገቡ አለፈች። ተነሥቶ ተከትሎአት ሄዶ ሰላም ያላት እርሱ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።